የወረዳ አስተዳደር ሕንፃ ለማን ይሠራል? የቢቸናና የሞጣ ተሞክሮ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው ነባር መንገድ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የሚገኙ ሁለት የቀድሞ የአውራጃ ዋና ከተሞችን ያገናኛል። ቢቸና በአሁኑ ጊዜ የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ አስተዳደር መቀመጫ ናቸው። ሁለቱ ከተሞች ከ80 ዓመታት በላይ የአውራጃ ገዥ፣ የአውራጃ አስተዳዳሪና የወረዳ ዋና አስተዳዳሪ በየተራ የሠሩባቸው፣ ገበሬውም ግብር ለመክፈል፣ አቤቱታ ለማቅረብና ውሳኔ ለመስማት ሲመላለስባቸው የኖሩ የመንግሥት ማዕከላት ናቸው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ምሥራቅ ጎጃምን ጨምሮ በበርካታ አካባቢዎች የመንግሥት አገልግሎት ተስተጓጉሎ መቆየቱ ይታወቃል። አገልግሎትን ወደነበረበት የመመለሱ ሥራ ሲታሰብ የጽሕፈት ቤቶች ጥገናና ግንባታ አብሮ መነሳቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ በቅድሚያ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ የሕንፃው ፎቅ ብዛት ወይም የአጥሩ ርዝመት አይደለም። ሕንፃው በዋነኝነት ለማን ይሠራል የሚለው ነው። የቢቸናና የሞጣ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

ከግቢ ወደ ጽሕፈት ቤት

በቀድሞው ሥርዓት አስተዳደር ማለት የገዥው ግቢ ማለት ነበር። ፍርድ የሚሰማውም፣ ግብር የሚገባውም፣ ሹመት የሚሰጠውም በዚያው ግቢ ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ጌታው እስኪወጣ ወይም እስኪያስጠራው ድረስ ከደጅ ይጠብቃል። «ደጅ መጥናት» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚሁ ልማድ ነው። የገዥው መኖሪያና የሕዝቡ መዳኛ አንድ ስለነበሩ፣ ባለጉዳዩ የሚያገኘው መልስ በገዥው በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ደንብ ይህን አሠራር በሕግ ለመለወጥ የመጀመሪያውን ትልቅ እርምጃ ወሰደ። ደንቡ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ከፋፍሎ ገዥዎችን በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር በደመወዝ የሚሠሩ ሹማምንት አደረጋቸው። በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ቢቸናና ሞጣ በየስማቸው የሚጠሩ አውራጃዎች ዋና ከተሞች ሆኑ። በዚህ ሁኔታ ከገዥው ግቢ የተለየ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና መዝገብ ያለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ቀስ በቀስ ተፈጠረ።

ይሁን እንጂ የሥልጣኑ ምንጭ አልተለወጠም። ገዥው የሚሾመው ከላይ ስለሆነ ተጠሪነቱም ወደ ላይ ብቻ ነበር። የቢቸና አካባቢ ይህን የተረዳው ገና በማለዳው ነው። በወረራው ዘመን በአካባቢው ተጋድሎ የመሩት አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ከነፃነት በኋላ የቢቸና ገዥ ሆነው ቢሾሙም፣ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር በተፈጠረው አለመግባባት ተይዘው በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጥተዋል። አለመግባባቱ በአካባቢው ሸንጎ የሚመከርበትና የሚፈታበት ሕጋዊ መድረክ አልነበረም።

የ1960 ዓ.ም. ትምህርት

የዚህ ክፍተት ዋጋ ይበልጥ ጎልቶ የታየው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ተግባራዊ መሆን ሲጀምር የጎጃም ገበሬ ገማቾች ወደ መንደሩ እንዳይገቡ ተቃወመ። ሞጣና ቢቸና እንቅስቃሴው ከበረታባቸው አውራጃዎች መካከል ነበሩ። ገበሬው የፈራው የግብሩን መጠን ብቻ አልነበረም። መሬቱ ተገምቶና ተለክቶ ርስቱ ከእጁ ይወጣል የሚል ሥጋት ነበረበት። በዚህ ላይ በየደረጃው የነበሩ ሹማምንት የሚያደርሱት በደል ተደምሮ ተቃውሞው ወደ ትጥቅ ተሸጋገረ።

መንግሥት በመጀመሪያ በፖሊስና በጦር ኃይል፣ በአየር ድብደባ ጭምር ተቃውሞውን ለመግታት ሞከረ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሱ፤ ግብሩም በጎጃም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ፤ የቀድሞ ውዝፍም ተሰረዘ።

በወቅቱ በሞጣም ሆነ በቢቸና የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ነበር። በሕዝብ የሚመረጥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትም ከ1949 ዓ.ም. ምርጫ ጀምሮ በአዲስ አበባ ነበር። በሁለቱ መካከል ግን ገበሬው በመረጣቸው ሰዎች አማካይነት ግብሩ ከመጣሉ በፊት ሐሳቡን የሚያሰማበት የአውራጃ ምክር ቤት አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ አስተዳደርን ለመጀመር የወጣው ትእዛዝ የፓርላማውን ድጋፍ ሳያገኝ ቀርቷል። ሐሳቡ ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው በመሣሪያ ፈንታ በአዳራሽ ውስጥ የመነሳት ዕድል ይኖረው ነበር ብሎ መገመት ከእውነት መራቅ አይሆንም። አስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት እንጂ ሸንጎ ስላልነበረው፣ የሕዝቡን ስሜት ያወቀው ዘግይቶ ነው።

አውራጃ ሲቀር ወረዳ ሲጠነክር

በደርግ ዘመን የ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከጸደቀ በኋላ የጎጃም ክፍለ ሀገር ተከፋፍሎ ምሥራቅ ጎጃም ራሱን የቻለ የአስተዳደር አካባቢ ሆነ። በየደረጃው ሸንጎዎች እንዲቋቋሙም ተደንግጎ ነበር። ነገር ግን ሥልጣኑ በአንድ ፓርቲ እጅ የተያዘ በመሆኑና ጦርነቱም እየተባባሰ በመሄዱ ሸንጎዎቹ ሥር ሳይሰዱ ሥርዓቱ አበቃ።

በ1984 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ክልላዊ መስተዳድሮች ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 7 ክልልንና ወረዳን ዋና የአስተዳደር እርከኖች ሲያደርግ የአውራጃ መዋቅር ቀረ። በዚህም ቢቸናና ሞጣ የአውራጃ ዋና ከተማነታቸውን አጡ። ለከተሞቹ ነዋሪዎች ይህ የደረጃ መውረድ መስሎ መታየቱ አያስደንቅም። በዙሪያው ላለው ገበሬ ግን ውጤቱ የተለየ ነበር። ቀድሞ ወደ አውራጃ ከተማ የሚያስኬዱ ብዙ ጉዳዮች በየወረዳው ዋና ከተማ መታየት ጀመሩ። በአካባቢው የሚገኙት እንደ እነርጅ እናውጋ፣ ሸበል በረንታ፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴና እነብሴ ሳር ምድር ያሉ ወረዳዎች የየራሳቸው ምክር ቤትና አስተዳደር አላቸው።

ለውጡ ይበልጥ የተጠናከረው በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው የአማራ ብሔራዊ ክልል ሕገ መንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱ ሕግ አውጪውንና አስፈጻሚውን ለይቷል። ቀድሞ አስፈጻሚውን የሚመራው ሰው ምክር ቤቱንም ይመራ የነበረበት አሠራር ቀርቶ፣ በክልልም በወረዳም ምክር ቤቱ በአፈ ጉባኤ እንዲመራ ተደረገ። በዚሁ ጊዜ ክልሉ ለወረዳዎች በቀመር የሚከፋፈል ጥቅል የድጎማ በጀት መስጠት ጀመረ። በጀቱን የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው፤ ዋና አስተዳዳሪውም ተጠሪነቱ ለዚሁ ምክር ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ማስታወስ ይገባል። በአማራ ክልል የራሳቸው የተመረጠ ምክር ቤት ያላቸው ዞኖች የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች ናቸው። ምሥራቅ ጎጃምን የመሳሰሉት ዞኖች የክልሉ መስተዳድር ቅርንጫፎች እንጂ የተመረጠ ምክር ቤት ያላቸው አይደሉም። ስለዚህ በባሕር ዳር ከሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤትና ከቀበሌ ምክር ቤት በስተቀር የቢቸናና የሞጣ ዙሪያ ሕዝብ የተመረጠ ድምፅ ያለው በወረዳና በከተማ አስተዳደር ደረጃ ብቻ ነው። የወረዳ ምክር ቤት ሲዳከም ደብረ ማርቆስ ላይ የሚተካው ሌላ ምክር ቤት የለም።

በአንድ ግቢ ሁለት አካላት

ሕጉ ሕግ አውጪውንና አስፈጻሚውን ቢለይም በተግባር ግን ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በአንድ ግቢ ነው። በብዙ ወረዳዎች የተለመደው አሠራር የአፈ ጉባኤው ቢሮ ከዋና አስተዳዳሪው ቢሮ አጠገብ መሆኑ ነው። ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት አዳራሽ ለሥልጠና፣ ለፓርቲ ስብሰባና ለልዩ ልዩ ዝግጅቶች የሚያገለግለው ያው አዳራሽ ነው። የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ የሚጠብቀው መዝገብ ቤትም ብዙ ጊዜ የአስተዳደሩ ነው።

ይህ ከቦታ ጥበት የመነጨ እንጂ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ለማለት አይቻልም። ሆኖም ውጤቱ ቀላል አይደለም። የምክር ቤት አባል ከገጠር ቀበሌ መጥቶ የሚያርፍበት፣ የበጀት ሰነድ የሚያነብበትና መራጮቹን የሚያነጋግርበት ክፍል ከሌለው የሚቆጣጠረው አካል እንግዳ ሆኖ ይቀራል። እንግዳ ሆኖ የተቀበለውን አካል ደግሞ ጠንከር ያለ ጥያቄ መጠየቅ ይከብደዋል። በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በመላ አገሪቱ ለቀበሌና ለወረዳ ምክር ቤቶች ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫዎች መዘጋጀታቸው ይታወሳል። የአባላት ቁጥር እንዲህ ሲጨምር አባላቱ የሚሠሩበት ቦታ በዚያው ልክ አልታሰበበትም።

በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ይገባው የነበረው ምርጫ ተራዝሟል። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫም የወረዳ ምክር ቤቶችን አላካተተም። የምርጫ ጊዜ በተራዘመ ቁጥር ሕዝቡ ምክር ቤቱን የሚመዝንበት ሌላው መንገድ፣ ማለትም ጉባኤውን ተገኝቶ መከታተልና ውሳኔውን ማንበብ መቻሉ፣ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል። ለዚህም ሕዝብ ሊገባበት የሚችል አዳራሽ ያስፈልጋል።

የጸጥታ ጉዳይም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ሌሎች ከፍተኛ አመራሮች ባሕር ዳር ላይ በስብሰባ ላይ እያሉ በተፈጸመባቸው ጥቃት ሕይወታቸው ማለፉ አይዘነጋም። ከዚህ ወዲህ የአስተዳደር ግቢዎች ጥበቃ መጠናከሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን አስተዳደሩ፣ ምክር ቤቱና አገልግሎት መስጫው በአንድ አጥር ውስጥ ከሆኑ ለአስተዳዳሪው የታሰበው ፍተሻና ጥበቃ ግብር ሊከፍል ለመጣውም ገበሬ ይሆናል። መፍትሔው ጥበቃውን ማላላት አይደለም። ጥብቅ ጥበቃ የሚያሻውን ክፍልና ክፍት መሆን ያለበትን ክፍል ከዲዛይኑ ጀምሮ መለየት ነው።

የገበሬው ዋስትና ያለበት ክፍል

በወረዳ ሕንፃ ውስጥ ከስብሰባ አዳራሹ ባልተናነሰ ትኩረት የሚሻው የመሬት መዝገብ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታን መመዝገብ ከጀመሩት ክልሎች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ ሥራው በሙከራ ደረጃ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው ጎዛምን ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለአርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ቆይቷል። በኋላም በአየር ፎቶግራፍና በሳተላይት ምስል የታገዘ ሁለተኛ ደረጃ ልኬታ ተከናውኗል።

አርሶ አደሩ በእጁ የያዘው ደብተር ዋጋ የሚኖረው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ካለው መዝገብ ጋር ሲመሳከር ነው። መሬት ሲከራይ፣ ለልጅ ሲወረስ፣ ወሰን ሲያከራክር ወይም ሴቶች በፍቺ ጊዜ ድርሻቸውን ሲጠይቁ ማስረጃው ያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ቢቃጠል፣ ቢረጥብ ወይም ቢበተን የሚጎዳው ጽሕፈት ቤቱ ብቻ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው ለርስቱ ብሎ ነፍጥ ያነሳበት ጉዳይ ዛሬ የተቀመጠው በአንድ የወረዳ ክፍል መደርደሪያ ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በወሎ አካባቢዎች በነበረው ጦርነት የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች መዘረፋቸውና መጎዳታቸው ሥጋቱ በግምት ላይ ያልተመሠረተ መሆኑን ያሳያል። ከዚህ አንፃር ለብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት የተጀመረውን መዛግብትን ወደ ኮምፒዩተር የማስገባት ሥራ ማፋጠን፣ ቅጂውንም ከወረዳው ውጭ ማስቀመጥ ከማንኛውም የግድግዳ ቀለም የሚቀድም ተግባር ነው። በግጭት ውስጥ ያሉ ወገኖች ሁሉ እነዚህን ጽሕፈት ቤቶች የሕዝብ ንብረት አድርገው ሊመለከቷቸው ይገባል። መዝገቡ የአንድ አስተዳደር ወይም የአንድ ፓርቲ አይደለምና።

የጎረቤት አገር ልምድ

በዚህ ረገድ የኬንያ ልምድ ሊጠቀስ ይችላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎችን አቋቁማለች። እያንዳንዱ ካውንቲ በሕዝብ የሚመረጥ ገዥና የራሱ ምክር ቤት አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ሲጀምሩ አብዛኞቹ በቀድሞ የአውራጃና የማዘጋጃ ቤት ሕንፃዎች ውስጥ ነው የገቡት። ተስማሚ ሕንፃ ያልነበራቸው ላሙ፣ ታና ሪቨር፣ ኢሲዮሎ፣ ታራካ ኒቲና ንያንዳሩዋ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ለመገንባት ከማዕከላዊው መንግሥት ድጋፍ እንዲያገኙ ተደርጓል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ሥልጣን ሲከፋፈል የሥራ ቦታም አብሮ መታሰብ እንዳለበት ኬንያ አውቃለች። በሌላ በኩል በአገሪቱ ለገዥዎች መኖሪያና ለቢሮ ግንባታ የሚወጣው ወጪ በተደጋጋሚ የሕዝብ ትችት አስከትሏል። ሕንፃ ያልተማከለ አስተዳደርን ሊያግዝ እንደሚችል ሁሉ ለትምህርትና ለጤና የሚውለውን ገንዘብ ሊሻማም ይችላል።

ምን ይቅደም?

የወረዳ ድጎማ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል መሆኑን በዘርፉ የሚሠሩ ሁሉ ያውቁታል። ለግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች ደመወዝ በሚያስፈልግበት ወቅት የአስተዳደር ሕንፃ ቅንጦት ነው የሚል አስተያየት የሚሰነዝሩ ወገኖች ሐሳባቸው ክብደት አለው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ይሠራ ወይስ አይሠራ ከሚለው ይልቅ ባለው ገንዘብ የትኛው ክፍል ይቅደም ወደሚለው ሲዞር መልሱ የሚያስቸግር አይሆንም።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚመጣው ከእሳትና ከእርጥበት የተጠበቀ የመዝገብ ክፍል ነው። ወጪው አነስተኛ ሲሆን ጥቅሙ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይደርሳል። ቀጥሎ ባለጉዳይ ያለ አማላጅ የሚስተናገድበት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች በሚመች ሁኔታ በምድር ቤት የሚዘጋጅ የአገልግሎት መስጫ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማትን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ ነው። ወደ ወረዳ ሲወርድ ቴክኖሎጂው ቢቀንስም ሐሳቡ ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛው ለምክር ቤቱ የሚሆን አዳራሽና ክፍል ነው። አዲስ ሕንፃ መሥራት ባይቻል እንኳ ነባሩን አዳራሽ በምክር ቤቱ ስም አስመዝግቦ ቁልፉን ለአፈ ጉባኤው ማስረከብ፣ ለሕዝብ ታዛቢዎች መቀመጫ መለየትና ለአባላት አንድ የንባብ ክፍል መስጠት ይቻላል። ይህ ከገንዘብ ይልቅ ውሳኔን የሚጠይቅ ነው። የዋና አስተዳዳሪው ቢሮ ስፋት፣ የስብሰባ ጠረጴዛውና የግቢው በር ማሳመሪያ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው ሌላው ነገር የሕንፃው የውጭ ግድግዳ ነው። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም አማካይነት ወረዳዎች በጀታቸውን በሰሌዳ ላይ ለሕዝብ እንዲለጥፉ ተደርጎ እንደነበር ይታወሳል። ማንበብ የሚችል የገበሬ ልጅ ለአባቱ ለትምህርት፣ ለጤናና ለመንገድ ስንት ብር እንደተመደበ ከደጅ ቆሞ ሊነግረው የሚችልበት አሠራር ነበር። ይህ ልምድ በተዳከመበት ቦታ ሁሉ በቀላሉ ሊታደስ ይችላል።

ቢቸናና ሞጣ በሰማንያ ዓመታት ውስጥ ያላዩት የአስተዳደር ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። ገዥው ተለውጧል፤ የእርከኑ ስም ተለውጧል፤ ሕጉም ተሻሽሏል። ከየቀበሌው ማልዶ ተነስቶ ወደ ከተማ የሚመጣው ባለጉዳይ ግን ዛሬም ያው ነው። በዘመናዊ ሕንፃ ውስጥም ደጅ ጥናት ሊቀጥል ይችላል። በአሮጌ ቤትም ቢሆን መዝገቡ ከተጠበቀ፣ መስኮቱ ከተከፈተና ምክር ቤቱ የራሱ አዳራሽ ካለው ሕዝብ ሊዳኝ ይችላል። የጥገናና የግንባታ ዕቅድ የሚያዘጋጁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ንድፉን ከመፈረማቸው በፊት በውስጡ የምክር ቤቱንና የመዝገቡን ክፍል ፈልገው ሊያገኙ ይገባል።